«የሌላ ሰው ዕቃ ይዘሻል?»

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ኅዳር፣ ለአንድ ሴሚስተር ልማር ደቡብ ኮሪያ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ቤት ውስጥ ሁሉም «ተይው፣ አለፈ» ይለኛል። እኔ ላይ የደረሰውን አለፈ ማለት ያለብኝ እኔ ነኝ። እና አላለፈም።

ያደግኩት ሲያትል፣ ሾርላይን ነው። አማርኛ መጻፍ የተማርኩት ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን፣ እያለቀስኩ ነው። አሁን ግን ስናደድ ቃሉ የሚመጣልኝ በአማርኛ ሆኗል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናድዶ መጻፍ ደስ ይላል።

ሶ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ልሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ እትዬ ቡዜ ቤታችን መጡ። እትዬ ቡዜ የሥጋ ዘመዳችን አይደሉም። ማሚ ሲያትል ስትገባ መጀመሪያ ያስጠጓት እሳቸው ናቸው። ማሚ ሥራ ስትውልም እኔን የያዙኝ እሳቸው ናቸው። አክስቴ እያልኩ ነው ያደግኩት። ይኸው ተናድጄባቸው እንኳን አንቱ እላቸዋለሁ፤ እጄ ሌላ አይጽፍልኝም።

የድፎ ዳቦ ቁራጭ የምታክል ጥቅል ይዘው ነበር። ላስቲክ ተጠቅልሎባታል፣ ላስቲኩ ላይ ፕላስተር፣ ፕላስተሩ ላይ ደግሞ ሌላ ፕላስተር።

«የወንድሜ ልጅ ቢኒያም ጃፓን ነው የሚማረው። ሽሮ አምሮት ሊሞትብኝ ነው። ሻንጣሽ ጥግ ወርወር አድርጊያት።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ኮሪያ ነው የምሄደው።»

«ያው ጎረቤት አይደሉ እንዴ! ቅዳሜና እሑድ እየዞርኩ አገር አያለሁ ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ማየቱ ካልቀረ እግረ መንገድሽን ነው።»

አፌን ሳልከፍት ማሚ መለሰችልኝ። «ምን ችግር አለው! ታደርስለታለች።»

ምን እንዳለበት አልጠየቅኩም። የሰው ዕቃ አይከፈትም ተብዬ ነው ያደግኩት። ትልቅ ሰው ሽሮ ነው ካለ ሽሮ ነው።

ሴኡል እንደገባሁ ከሊን ጋር ጓደኛ ሆንን። ሊን ወላጆቿ ከቬትናም ናቸው፣ እሷ ያደገችው ቡሪየን ነው። ሲያትል ላይ አንድ ከተማ ውስጥ ኖረን የተዋወቅነው ኮሪያ ነው! አርብ ክፍል ሲያልቅ በጣም ርካሹን ቲኬት ፈልገን እንሄዳለን። በዚያ ቲኬት የሚፈቀደው ከወንበር ሥር የምትገባ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ ናት። ስለዚህ ሁለት ጃኬት ደርበን፣ ኪሳችንን በካልሲ ሞልተን እንሳፈራለን። የምናድረው ብዙ ተደራራቢ አልጋ ያለበት ክፍል ውስጥ፣ የምንበላው ከሱቅ የሚገዛ ሩዝ። በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

እትዬ ቡዜ ግን በየሳምንቱ ድምፅ ይልካሉ። «ልጄ፣ ዕቃዋ ደረሰች?» ማሚም ኮል ባደረገች ቁጥር ያው ነው፤ «የሴትዮዋን አደራ ምን አደረግሽው?» እኔ የፈለግኩት ደሴት ሄጄ ባሕር ማየት ነበር። በመጨረሻ ሊንን ለምኜ ቢኒያም ወዳለበት የጃፓን ከተማ ወደ ፉኩኦካ ቲኬት ቆረጥን፤ መምጫዬንም ለቢኒያም ጻፍኩለት። ጥቅሉ ቦርሳዬን ስለሞላው የራሴን ሹራብ አውጥቼ ተውኩት።

ሊን አየችኝ። «ምንድነው እሱ?»

«የአክስቴ ዕቃ።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ሽሮ መሰለኝ።»

«መሰለኝ? የኔም እናት ለሰው ዕቃ ታሸክመኛለች፤ እኔ ግን ከፍቼ ነው የማየው።»

«እኛ ጋ አይከፈትም» አልኳት። ኮርቼ ነው ያልኩት! ይህን ሳስታውስ ግንባሬን ግድግዳ ላይ መግጨት ያምረኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ፉኩኦካ አረፍን። ሊን ቀድማኝ አለፈች። እኔን መነጽር ያደረገች የጉምሩክ ሠራተኛ አስቆመችኝና ፈገግ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። «የሌላ ሰው ዕቃ ይዘሻል?»

«አልያዝኩም» አልኩ።

እየዋሸሁ አልነበረም። እትዬ ቡዜ «ሌላ ሰው» ናቸው የሚል ነገር ጭራሽ አልመጣልኝም። ሌላ ሰው ማለት የማላውቀው ሰው ነው። እሳቸው ገላዬን ያጠቡኝ ሰው ናቸው።

ቦርሳዬን ስትከፍት ጥቅሉ ወጣ። ፈገግታዋ ጠፋ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ምግብ መሰለኝ።»

«የማን ነው?»

«የአክስቴ።»

«የእናትሽ እህት?»

«አይደለም።»

«የአባትሽ?»

«አይደለም። ማለት... የቤተ ክርስቲያን አክስቴ ናት።»

«ሙሉ ስሟ?»

ዝም አልኩ። እትዬ ቡዜ ብቻ ነው የማውቀው። ቡዜ ደግሞ የቁልምጫ ስም ነው፤ ብዙነሽ ይሁኑ ብዙወርቅ አላውቅም። የአባታቸውን ስም ሰምቼ አላውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጉንጫቸውን እየሳምኩ ስማቸውን አላውቀውም!

ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ወሰዱኝ። ሌላ ሸምገል ያለ ሠራተኛ ጓንት አድርጎ መጣ፣ ፕላስተሩን ቀደደና ሽሮውን ነጭ ትሪ ላይ ገለበጠው። ክፍሉ በአንድ ጊዜ የእኛን ቤት ሸተተ። ሰውዬው አስነጠሰው። ከዚያ ዱቄቱን በጣቱ በተን ሲያደርገው ጫፍ ጫፋቸው የተቋጠሩ አምስት ነጫጭ ነገሮች ወጡ።

የላስቲክ ጓንት ጣቶች ናቸው። እትዬ ቡዜ አረጋውያን መጦሪያ ነው የሚሠሩት፤ ያን ጓንት ቅመም ለመቋጠር ሁሉ ይጠቀሙበታል። ተቆርጠው፣ ተሞልተው፣ ተቋጥረው። በየጣቱ ውስጥ ክኒን።

ፊልም ላይ ዕፅ የሚያመላልሱ ሰዎች እንደዚያ ነው የሚቋጥሩት። እኔም ያንን አውቃለሁ፣ ሰዎቹም ያውቃሉ። ያኔ ስለ ትምህርቴ አይደለም ያሰብኩት፤ እዚህ አገር እታሰራለሁ፣ ቤቴን አላይም ብዬ ነው።

«እናቴ ስሟን ታውቃለች፣ ልደውል» አልኳቸው። ፈቀዱልኝ፤ ስፒከር ላይ አድርጊው አሉኝ። ሲያትል ገና አርብ አመሻሽ ነበር፣ ማሚ ከሥራ ወጥታ እየነዳች ነበር።

«ማሚ፣ የእትዬ ቡዜ ሙሉ ስም ማን ነው?»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ጉምሩክ ይዘውኛል። ሽሮው ውስጥ ክኒን አለ። የማን ነው ይሉኛል።»

የመኪናዋ ጠቋሚ መብራት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። መኪናውን ፓርክ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ከሰዎቹ አንዱ አማርኛ የሚሰማ ይመስል።

«የኔ ነው በያቸው።»

«ምን?»

«አሞኝ ለራሴ ነው በይ። እሷን አታስነኪያት፣ የዜግነቷ ጉዳይ ገና አላለቀም። ባለውለታችን ናት፣ ትሰሚያለሽ?»

«ማሚ፣ ያስሩኛል እኮ!»

«አያስሩሽም። ረጋ በይ።»

ስልኩ ተዘጋ። ባለ መነጽሯ ጠየቀችኝ። «እናትሽ ምን አለች?»

ምን ልበላት? የእናቴን ቃል ወደ እንግሊዝኛ መመለስ አፈርኩ። «ልትነግረኝ አልፈለገችም» አልኩ። ሴትየዋ ትኩር ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረም፤ አዘነችልኝ። እሱ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

የቢኒያምን ቁጥር ሰጠኋቸው። ባለ መነጽሯ ደወለችለት፣ በጃፓንኛ ትንሽ አወሩና ዘጋች። «አላውቃትም ይላል።» በኋላ ሊን እንደነገረችኝ፣ መውጫው ጋ አንድ የእኛ አገር ልጅ ቆሞ ነበር። ስልኩ ጮኸ፣ አነሳ፣ ትንሽ አወራ፣ ከዚያ ሳይሮጥ ግን በጣም ፈጥኖ ወጣ። ዕቃውን ሊቀበል መጥቶ ነው የካደኝ!

ክኒኑን እስኪመረምሩ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ ሸምገል ያለው ሰውዬ ተመለሰ። የጉንፋን መድኃኒት ነው። ሲያትል ፋርማሲ ሄዳችሁ የምትገዙት ዓይነት። ግን ውስጡ ያለው ነገር እነሱ አገር የተከለከለ ነው። ወረሱት፣ አስፈረሙኝ፣ ስሜ እነሱ ዘንድ ተመዘገበ። «ክኒኑ ሌላ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከዚህ አትወጪም ነበር» አለኝ። ሽሮውንም ከትሪው ላይ ጠርጎ ጣለው።

ስወጣ ሊን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ያ ሁሉ ሰዓት አልሄደችም። ሁለት ሳንድዊች ገዝታ አንዱንም አልነካችውም። ምንም ሳትጠይቀኝ አንዱን ሰጠችኝ፤ እኔም እያለቀስኩ በላሁት።

ታኅሣሥ ላይ ሲያትል ተመለስኩ። ማሚ እንኳን ደህና መጣሽ ብላ ሰው ጠራች። ቤቱ ሞልቷል። እትዬ ቡዜ ከሶፋው ላይ እጃቸውን ዘረጉ።

«ነይማ ኮሪያዬ! ሽሮዬን ጃፓን ላይ አስበልተሽ መጣሽ አሉ!»

ሰው ሳቀ። እሳቸው ቀጠሉ። «እኔ ስንቱን ኬላ ሳልፍ አንድ ቀን እንኳን አልተያዝኩም። የዛሬ ልጆች ፊታችሁ ላይ ይነበባል፣ ምን ታደርጉ!»

አሁንም ሳቁ። ማሚም ሳቀች።

ኩሽና ድረስ ተከተልኳት። «ሳቅሽ? ማሚ፣ ሳቅሽ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ሰው ፊት?»

«የኔ ነው በይ ብለሽኛል እኮ።»

«አንቺ ልጅ ነሽ። የአሜሪካ ፓስፖርት አለሽ። ይለቋታል ብዬ ነው።»

«ባይለቁኝስ?»

ወጡን ማማሰል ጀመረች፤ እሳቱ እኮ ጠፍቷል።

እኛ ልጆች ስንናደድ በእንግሊዝኛ ነው የምንጮኸው። ትልልቆቹም «ምን አለች?» ተባብለው ያልፉታል። እኔ ግን ሳሎን ተመልሼ ቆምኩና ሁሉንም በአማርኛ ተናገርኩ። ጠባቧን ክፍል፣ የጓንቱን ጣቶች፣ የቢኒያምን ክህደት፣ ማሚ በስልክ ያለችኝን። አንድም አልዘለልኩም። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አማርኛዬ ግን አልተሰበረም።

የማሚ ሥራ ባልደረባ ጋሽ ታደሰ ሳህናቸውን አስቀመጡ። «ቡዜ፣ እውነት ነው? ጓንት ውስጥ ቋጥረሽ?»

«የጉንፋን መድኃኒት እኮ ነው! ሰው ገደልኩ እንዴ?»

«መከልከሉን ታውቂ ነበር?»

«ባላውቅማ ሽሮ ውስጥ ለምን እቀብረዋለሁ?»

ማንም አልሳቀም። እትዬ ቡዜ ምን እንዳሉ የገባቸው ቆይቶ ነው። ነጠላቸውን አነሱ፣ «እኔ እንዲህ የምባል ሰው ነኝ?» አሉና ወጡ። ይቅርታ የሚባል ነገር እስከ ዛሬ አልመጣም።

ማሚ ለብዙ ቀን አኮረፈችኝ። «ሰው ፊት አዋረድሽኝ» ነው የምትለው። እወዳታለሁ። ስለ ዜግነቱ መጨነቋም ይገባኛል። ግን በዚያች ደቂቃ ከእኔና ከእትዬ ቡዜ አንዳችን መትረፍ ነበረብን፣ እሷም መረጠች። ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል። በመናገሬም አልጸጸትም።

ለክረምት ሊን ቬትናም ያሉ አያቶቿን ልትጠይቅ ስትሄድ አብሬያት እሄዳለሁ፣ በባንኮክ በኩል። የጉዞዬ ወሬ ተሰምቷል መሰለኝ ባለፈው ሳምንት አንዲት የማሚ ወዳጅ ደወለች። ባንኮክ የሚኖር ወንድም አላት። ማሚ «ምን ችግ—» ብላ ጀመረችና አቆመች። አየችኝ። ከዚያ «ራሷን ጠይቂያት» ብላ ስልኩን ሰጠችኝና ወደ ኩሽና ሄደች።

«እትዬ፣ የሰው ዕቃ አልይዝም» አልኩ። ሴትየዋ ለመነችኝ፣ ተቆጣችኝ፣ እንደገና ለመነችኝ። እኔም ደግሜ አልይዝም አልኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ያን ሁሉ ጊዜ ከኩሽና የቧንቧ ውኃ በኃይል ሲፈስ ይሰማኛል። ስልኩን ስዘጋ ውኃውም ተዘጋ። ሄጄ አየሁ፤ ማሚ እጇን እያደረቀች ነበር። ሲንኩ ውስጥ አንድም የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም።