ምክንያቱ ያልተጻፈለት አረንጓዴ ስንዴ

ማርች 31 ቀን 2023፣ አርብ። ዶኛ ኤውፌሚያ አሬዶንዶ በዚህ ቀን ደብተራቸው ላይ ያሰፈሩት ጽሑፍ አላለቀም። በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ «ጎብኚ፦ መቶ አሥራ ሰባት። ውሃ፦ ከርከዴ፣ የቺያ ፍሬ በሎሚ። ብርቱካን፦ ሃያ አራት፣ ሁሉም ባለ ባንዲራ። ስንዴ፦ አሥራ ሁለቱም ጣሳ አረንጓዴ፤ ስድስት ገርጣ ያለ ከማዶ ተበድሬ። ምክንያት፦»

ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። እስክሪብቶው ቀለም አልጨረሰም፤ በማግሥቱ «ሳሙና፣ ቡና፣ አምፖል» ብለው የጻፉት በዚያው ቀለም ነው። ሞትም አላቋረጣቸውም፤ ያረፉት ከአምስት ቀን በኋላ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። በመካከሉ ደብተሩን ቢያንስ አንዴ ከፍተውታል። ባዶውን ቦታ ግን አልነኩትም።

ለማያውቃቸው ሰው ይህ ኢምንት ነገር ነው። ዶኛ ኤውፌሚያ ግን ከ1982 ጀምሮ በየዓመቱ፣ ከሆሳዕና በፊት በምትውለው አርብ፣ ለሐዘንተኛዋ ድንግል በቤታቸው መግቢያ መንበር ሲያቆሙ ምክንያት ሳይጽፉ የቀሩበት ዓመት የለም። 1991፦ «ስንዴው ሻገተ። ምክንያት፦ ምራቴ ማሪክሩስ፤ ዳክዬ የምታረባ ይመስል አጠጣችው።» 1998፦ «የመልአኩ ክንፍ ተሰበረ። ምክንያት፦ የአባ ናቦር ክርን፣ ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ።» 2020፦ «ጎብኚ፦ ምንም። ምክንያት፦ ዓለም።»

የሆነውን እንደሆነ መናገር ሥራቸውም ነበር። ከ1983 እስከ 2009፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣ የሳን ቤኒቶን ስልክ ቤት የያዙት እሳቸው ናቸው። ለሥራ ድንበር አልፎ ወደ ሰሜን የተሻገረ ባል ሲደውል ጣራቸው ላይ በተተከለው ድምፅ ማጉያ ሚስቱን ይጠራሉ፤ ሚስት ከነሽርጧ እየሮጠች ትመጣለች። በኦገስት 2004 አንዲት ሴት ከቺካጎ ደውላ ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ዶኛ ቾሌን ፈለገች። «ማን ልበል?» አሏት። ነገረቻቸው። ዶኛ ኤውፌሚያም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ ለመላው ከተማ እንዲህ ሲሉ አሰሙ፦

«ዶኛ ቾሌ፣ ዶኛ ቾሌ። ከቺካጎ ስልክ። የባልሽ ሚስት ናት።»

ዶኛ ቾሌ ወደ ስልኩ አልመጡም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱ ጎረቤታሞች አሥራ ስምንት ዓመት ከሰባት ወር ቃል አልተለዋወጡም። ለአስታራቂ ሁሉ የኤውፌሚያ መልስ አንድ ነበር፦ «እኔ የተነገረኝን ነው የተናገርኩት። ቅሬታ ያላት ቺካጎ ትደውል።» በየዓመቱ በዚያች አርብ ሁለት መንበሮች በአንድ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ተፋጥጠው ይቆማሉ፤ ሕዝቡም ከዚህ ውሃ ጠጥቶ ወደዚያ ይሻገርና፣ የዚህኛውን ሐሜት እዚያ፣ የዚያኛውን እዚህ ያራግፋል።

በዚያ ዓመት ዶኛ ኤውፌሚያን የሚያስጨንቃቸው ግን ቾሌ አልነበሩም። ልባቸው ዝሎ ነበር። ሐኪሙ በለሰለሰ አነጋገር ሊነግራቸው ሲሞክር «መስመሩ ሊቋረጥ ነው በለኝና እንገላገል» አሉት። ስለዚህ የመንበሩን ሣጥን የሚረከብ ሰው መገኘት ነበረበት። ሣጥኑ የጫማ ሣጥን ነው፤ በውስጡ ብርቱካን ላይ የሚሰኩ ሃያ አራት የወርቅ ወረቀት ባንዲራዎች፣ ሐምራዊው ጨርቅና ደብተሩ አሉ። ማሪክሩስን ጠየቋት።

«እኔ እቴ! አሁን እኮ የፕላስቲክ ስንዴ መጥቷል» አለች። «አይሻግት፣ አይጠጣ።»

«አያዝንምም» አሉ ኤውፌሚያ፣ ሣጥኑንም ወደ ቁም ሣጥኑ መለሱት።

ማርች 25፣ ቅዳሜ፣ የሟች ወንድማቸው የልጅ ልጅ ያሬሊ ከካሊፎርኒያ መጣች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዋ ለፀደይ ዕረፍት ዘጠኝ ቀን ለቋት፣ በዘጠኝ ቀን ሥሯን አግኝታ ስለ ሥሯ አሥር ገጽ ጽፋ ልትመለስ ነው። ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን በቀይ ሪባን ጎንጉና ከአውቶቡስ ወረደች። ሊቀበላት የወጣው የኤውፌሚያ ልጅ ሌንቾ፣ ያሬሊ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ስም የተጻፈበት ካናቴራ አድርጎ ነበር። ከሰሜን የመጣችው እንደ ገበያ አሮጊት፣ የሳን ቤኒቶው ሰው እንደ ሰሜን ተማሪ ለብሰው፣ ተቃቅፈው ተላቀሱ።

ልጅቷ ስፓኒሽ ትናገራለች፤ አንቱታ ግን የለበትም። ቄሱንም፣ ከንቲባውንም፣ ሰማንያ ዓመት የሞላቸውንም አንተና አንቺ ትላለች።

«አክስቴ፣ አንቺ የቶርቲያውን ቂጣ በእጅሽ አትጠፈጥፊውም?»

«ማሽን ቤቱ ጥጉ ላይ ነው፣ ልጄ። እጄን ለሌላ እፈልገዋለሁ።»

«ለምን?»

«ቴሌቪዥን ለመቀያየር።»

«የድንጋይ ሙቀጫውስ? ቃሪያውን በእሱ አትፈጩም?»

«ሙቀጫው ሥራ ላይ ነው» አለ ሌንቾ። «የጓሮውን በር ንፋስ እንዳይዘጋው ይዞ ቆሟል።»

ያሬሊ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። በማግሥቱ ገበያ ወርዳ ሰባት ኪሎ የሚመዝን አዲስ ሙቀጫ ገዛች፤ ሻጩ አያቶቹ የጠረቡት ነው ብሏታል። ሌንቾ ገልብጦ አየውና ሲሚንቶ መሆኑን ለራሱ ያዘ።

እሑድ ከሰዓት ዶኛ ኤውፌሚያ ብዙ ካወጡና ካወረዱ በኋላ የጫማውን ሣጥን አውጥተው ፊቷ ከፈቱት። ባንዲራዎቹን አንድ በአንድ ደረደሩላት። ልጅቷ ፎቶ አነሳች።

«በጣም ያምራል» አለች። «ግን ይሄ የቤተ ክርስቲያን ነው አይደል? እኔ የጥንቱን ነው የምፈልገው። ከስፓኞች በፊት የነበረውን።»

«ከስፓኞች በፊት እኔ አልነበርኩም» አሉ ኤውፌሚያ። ሣጥኑንም ከደኑት። የቀራቸው ለሦስተኛ ሰው ማሳየት ነበር፤ ሦስተኛ ሰው ግን አልነበረም።

ሰኞ ለልብ ምርመራ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደው አደሩ። ማክሰኞ ማታ ሲመለሱ፣ ያሬሊ እጇን ይዛ ወደ ጣራው ልታወጣቸው ደረጃው ሥር ትጠብቃቸው ነበር።

«አክስቴ፣ ነይ እዪ! ባልደርስላቸው ኖሮ ሞተው ነበር። አልጋሽ ሥር ረስተሻቸው፣ በዚያ ጨለማ፣ ቢጫ ሆነው፣ ምስኪኖች! ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ አጠገብኳቸው።»

አሥራ ሁለቱ የስንዴ ጣሳዎች ጣራው ላይ በተርታ ቆመው እንደ ክረምት መስክ ለምልመዋል።

በሳን ቤኒቶ የሦስት ዓመት ሕፃን የሚያውቀውን ነገር ልጅቷ አታውቅም ነበር። የድንግል ስንዴ በጨለማ የሚበቅለው ገርጥቶ እንዲወጣ ነው። ልጁ ለሞተባት እናት ፊት ልምላሜ አይቀርብም። ለዚህም ነው ኤውፌሚያ ከማርች 12 ጀምሮ አልጋው ሥር አኑረው፣ ሌሊት በባትሪ እንኳ ሳያዩ፣ በዳበሳ ሲያጠጡ የከረሙት።

«ስንት ቀን አልሽ?»

«ሁለት።»

«ሁለት» አሉ። የዓመቱ መስመር ራሱን በራሱ ጭንቅላታቸው ውስጥ ሲጽፍ ተሰማቸው፦ «ምክንያት፦ የወንድሜ የልጅ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባችው።»

የነገራት ሌንቾ ነው፤ እየሳቀ ነገራት። «ድንግል ላም ብትሆን ኖሮ እንዴት በተደሰተች!» አለ። ያሬሊ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ዶኛ ኤውፌሚያ አላጽናኗትም፤ አልተቆጧትምም። «ዘንድሮ መንበር የለም» ብለው ብቻ ወደ ክፍላቸው ገቡ። አርባ አንድ ዓመት ተቋርጦ አያውቅም፤ አሁን ከተቋረጠ ደግሞ የሚያስጀምረው ሰው እንደማይኖር ያውቁታል።

ሐሙስ ጠዋት፣ መጋረጃቸው ጀርባ ተቀምጠው ሳለ፣ ልጅቷ መንገዱን ተሻግራ የዶኛ ቾሌን በር ስታንኳኳ አዩ። መስኮቱን በአንድ ጣት ከፈት አደረጉት። የሃያ ስድስት ዓመት የስልክ ቤት ጆሮ አያረጅም።

«ማን ላከሽ?» አሉ ዶኛ ቾሌ።

«ማንም። አክስቴ ብታውቅ ትገድለኛለች።»

«እሷማ የምትገድለው በድምፅ ማጉያ ነው። ስንዴው ምን ሆነ?»

«ፀሐይ ላይ አወጣሁት።»

ከዚያ የቾሌ ሳቅ መንገዱን ሞላው፤ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ እስኪሉ ሳቁ። «ፀሐይ ላይ! ይኼንን ነው የሚያስተምሩሽ?»

«የማኅበረሰብ ጥናት ነው የምማረው።»

«ያስታውቃል።» ወዲያው ድምፃቸው ደረቀ። «ስድስት ጣሳ እሰጣለሁ። ግን እንዲህ በያት፦ በዚያ በጣራዋ ጡሩምባ፣ አገር እየሰማ ትለምነኝ። ያኔ አገር ሰምቷል፤ አሁንም ይስማ።»

ኤውፌሚያ መስኮቱን ዘግተው መልእክቱን ለመቀበል ተዘጋጅተው ተቀመጡ። መልሳቸውን አዘጋጅተዋል፤ አጭርና የሚያቃጥል ነበር። ልጅቷ ባዶ እጇን ገባች።

«የት ነበርሽ?»

«ንፋስ ልቀበል ወጥቼ ነው።»

«ማንም ምንም አላለሽም?»

«ምንም።»

ዶኛ ኤውፌሚያ አተኩረው አዩዋት። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ መልእክት በእጃቸው አልፏል፤ የሞት፣ የክህደት፣ የልደት። አንዱንም ዋጥ አድርገው አያውቁም። ይቻላል ብለውም አስበው አያውቁም። ይህች አንቱታ የማታውቅ ልጅ ግን እንዳይከፋቸው ብላ፣ ዓይኗ በልቅሶ እንዳበጠ፣ ዋጠችው።

«ሌንቾ!» ሲሉ ተጣሩ። «ጣራ ውጣና የዚያን ጡሩምባ ሽቦ ቀጥልልኝ።»

ድምፅ ማጉያው ከአሥራ አራት ዓመት ዝምታ በኋላ ሲያስል፣ ሦስት ሴቶች ከነሽርጣቸው ከየቤታቸው እየሮጡ ወጡ፤ አንዷ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር፣ ባሏ ከሰሜን ጠቅልሎ ከገባ አሥር ዓመት ያለፈው ቢሆንም።

«ትኩረት፣ ትኩረት። ከስልክ ቤት ነው። ለዶኛ ቾሌ፣ ከማዶ። ስድስት ጣሳ ስንዴ እንድታበድሪኝ እለምናለሁ። የእኔው አረንጓዴ ሆኗል። አረንጓዴ የሆነበትም ምክንያት…»

ሌንቾ ፈገግ ብሎ ወደ ያሬሊ ዞረ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«…ሆኗል፤ በቃ። ሌላም አለኝ። በኦገስት 2004 የመጣልሽን ስልክ፣ መንገዱን ተሻግሬ በጆሮሽ መንገር ነበረብኝ። አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ማስታወቂያው አልቋል።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ዶኛ ቾሌ ስድስት ጣሳ በትሪ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ትሪውን ለያሬሊ አቀበሉ። «ጡሩምባሽ አሁንም ያፏጫል» ብለው ወደ ውስጥ ተጣርተው ተመለሱ።

አርብ በሩ ተከፈተ። ገርጣ ያሉት ስድስቱ ከፊት፣ አረንጓዴዎቹ አሥራ ሁለቱ ከኋላ ቆሙ። አረንጓዴዎቹ ይቁሙ ያሉት ኤውፌሚያ ራሳቸው ናቸው። ውሃ የምታድለው ያሬሊ ነበረች። የመጀመሪያው እንግዳ እንደ ደንቡ «ድንግል አለቀሰች ወይ?» ብሎ ሲጠይቃት፣ ሮጣ ገብታ ሥዕሉን በቅርብ መረመረችና «እርጥብ ነገር አላየሁም» ብላ ተመለሰች። ሰውየው ስለ ስንዴ መጥቶ ስለ ልጅቷ እየሳቀ ሄደ። እስከ ማታ ግን የቀዳችው ውሃ የድንግል እንባ መሆኑ ገብቷት፣ ገና ሳትጠየቅ «አልቅሳለች፣ ይግቡ!» ትል ነበር። ስለ አረንጓዴው ለጠየቀ ሁሉ፣ ማሪክሩስን ጨምሮ፣ ዶኛ ኤውፌሚያ ብርጭቆ ይሰጡ ነበር። «ጠጪ፤ ይሞቅብሻል።»

እሑድ ያሬሊ ሻንጣዋን ስትዘጋ ሙቀጫውና ዶኛ ኤውፌሚያ ያስረከቧት የጫማ ሣጥን አብረው አልገባ አሉ። ጥቂት አሰበችና ሙቀጫውን አወጣች። ዛሬ የመንገዱን በር ይዞ ቆሟል። ሐምራዊው ጨርቅና ባንዲራዎቹ ወደ ሰሜን ተሻገሩ፤ ደብተሩን ግን ኤውፌሚያ ያለቀ ሲመስለኝ እልከዋለሁ ብለው አስቀሩት።

«ስንዴውን የት ነው የምታስቀምጪው?»

«በጨለማ፣ አክስቴ። አልጋ ሥር። እንዳሉኝ።»

ኤፕሪል 4፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም፣ ዶኛ ኤውፌሚያ የቾሌን ስድስት ጣሳዎች አጠቡ፤ አፈሩን አራገፉ፤ ጣሳዎቹ ላይ ተጣብቆ የቀረውን የታሸገ ቃሪያ መለያ ወረቀት በጥፍራቸው ፍቀው አነሱ። ሌንቾ ላድርስልዎ ቢል አይሆንም አሉት። አሥራ አንዱ እርምጃ አሥራ አራት ሆነባቸው፤ መሐል ላይ አንዴ ቆመው ተነፈሱ።

ዶኛ ቾሌ ወንበር ሰጧቸው።

«ያቺ የቺካጎ ሴት» አሉ ቾሌ። «ምን ነበር የፈለገችው?»

«ባልሽ አንቺ ዘንድ መጥቶ እንደሆነ ልትጠይቅሽ።»

«እሷም ጋ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«አሥራ ስምንት ዓመት እሷ ጋ ነው ብዬ ስረግማት!»

«ከሰባት ወር» አሉ ኤውፌሚያ።

ሳቃቸውን ሌንቾ ከማዶ ሰምቶታል። ከዚያ ዶኛ ኤውፌሚያ ቾሌ ጣሳዎቹን እንዲቆጥሩ ጠየቁ። ቾሌ ቆጠሩ፤ ስድስት ነበሩ፤ ተቀበሉ።