በኮባ የተጠቀለለው የጠፈር መጽሐፍ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። አስፋልቱ ሆሳዕና ከተማ ከመድረሱ በፊት መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ መኪና ባለፈ ቁጥር የሚነሳው ቀይ አቧራ ከእንሰታችን ቅጠል ላይ ሲያርፍ በተጋደምኩበት ሆኜ አይ ነበርና። አባቴ በሕይወት ነበር። እኔም ወይ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፣ ወይ አራተኛ ገብቻለሁ፤ ትምህርቴም ከዚያ ብዙ ስላልራቀ በዚህ ልታመሳክሩኝ አትችሉም። ቀኑ ጠፍቶብኛል፤ ሽታው ግን አልጠፋም።

ሽታውን የመለሰልኝ ባለፈው ሰሞን ከገበያ የገዛሁት ቅቤ ነው። ቤት ገብቼ የተጠቀለለበትን ኮባ ስፈታው ያ የእርጥብ እንሰት ቅጠል ሽታ፣ ሣር ሣርም ዝናብ ዝናብም የሚለው፣ ድንገት ፊቴ ላይ መጣ። የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ በስልኩ ፊልም ያያል፤ ሰዎች በጠፈር መንኮራኩር ተሳፍረው በከዋክብት መሀል ይሄዳሉ። አንገቴን አስግጌ አየሁና ሳላስበው፣ "ምሰሶዋ የት አለ?" አልኩት።

"የምኗ ምሰሶ፣ አባባ?" ብሎ ቀና አለ። ሳቅኩና ከመጀመሪያው ልነግረው ጀመርኩ። ነገሩ ረጅም ነዋ።

ነገሩ የሚጀምረው ከባሕር ዛፍ ላይ ነው። የወጣሁት እንጨት ለመልቀም አልነበረም፤ ከጫፉ ላይ ሆኜ መንገዱ የት እንደሚደርስ ለማየት ነበር። መንገዱን አየሁት፤ ከኮረብታው ጀርባ ሲጠፋም አየሁ። ከኮረብታው ወዲያ ያለውን ለማየት አንድ ቅርንጫፍ ከፍ ስል ግን ቅርንጫፉ አልቻለኝም፤ ከጉልበቴ በታች አጥንቴ ተሰበረ። አባቴ ከሀቢቾ ወጌሻ አስመጣልኝ። ወጌሻው ዝም ያሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ አጥንቱን አገጣጥመው በተሰነጠቀ ቀርከሃ ደገፉት፤ ዙሪያውን በቃጫ አሰሩትና እንዳልንቀሳቀስ አዘው ሄዱ። ቃጫ እንሰት ሲፋቅ የሚተርፈው ጠንካራ ክር ነው፤ የኛ አገር ገመድ ነው እንበል።

እኔ ግን ልጅ ነበርኩ። የሰፈር ልጆች ከአጥራችን ሥር የጨርቅ ኳስ ሲያሳድዱ ስሰማ በደህናው እግሬ እንጣጥ እያልኩ ወጣሁ፤ ደጃፉ ላይ ወደቅኩና የተገጣጠመው ተለያየ። ወጌሻው ተመልሰው መጡ። ሁለተኛው ጥገና እንዴት እንዳመመኝ አላወራላችሁም። ሲጨርሱ እናቴን ወደ በሩ ወስደው፣ የሚያንሾካሹኩ እየመሰላቸው ጮክ ብለው፣ "እንግዲህ ደግሞ ከተነሳ እግሩ ጠማማ ሆኖ ይቀራል፤ እኔም አልመለስበትም" አሏት። እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ ያየችኝን አስተያየት እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ይህ የሆነው እንሰት በሚፋቅበት ወቅት ነበር። ሴቶቹ በደቦ ተራ በተራ አንዷ ለሌላዋ ይፍቃሉ፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ተራው የእናቴ ስለነበር ቤት ውስጥ እኔን የሚጠብቅ ሰው ጠፋ። እናቴም ተሸክማኝ ወጣችና ከእንሰቱ ማሳ መሀል፣ ሴቶቹ ከሚፍቁበት ቦታ፣ በኮባ ከተሠራች ትንሽ ዳስ ሥር አስተኛችኝ። በኛ አገር ወንድ እዚያ ቦታ አይደርስም። ባል እንኳ ሚስቱን ቢፈልግ ከሩቅ ቆሞ ይጣራል እንጂ አይገባም።

"ይሄ ወንድ አይደለም እንዴ?" አለች ጎረቤታችን እትዬ አበበች፣ የያዘችውን የቀርከሃ መፋቂያ ወደ እኔ እየቀሰረች።

"በአንድ እግር ምን ወንድ አለ?" አለች እናቴ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ጋቢዬን እስከ ግንባሬ ሳብኩ።

ከሴቶቹ መካከል አንዲት ወጣት ነበረች፤ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው የጉራጌ ነጋዴ ልጅ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ትታ ሱቅ ትጠብቃለች። ሆሳዕና ስላደገች ሀዲይኛውን እንደኛው አድርጋ ትናገራለች፤ ሁሉም "የሱቋ ልጅ" ይሏታል እንጂ በስሟ የሚጠራት የለም። እናቷ የሰው እንሰት ያልፋቀች የራሷን ማን ይፍቅላታል ብለው ልከዋት ነው የመጣችው። መፋቅ ግን አልሆነላትም። ሴቶቹ አንድ እግራቸውን አንስተው ቅርፊቱን ዘንበል ካለው ሳንቃ ላይ ይረግጡና ሽር ሽር ሲያደርጉት ነጩ ሥጋ ይወርዳል፤ ቃጫው ለብቻው ይቀራል። የሷ መፋቂያ ግን ሥጋውን ከቃጫው ጋር ያስቀረዋል።

"አንቺ የሱቅ ልጅ፣ ቆጮውን ለላም ነው የምታስቀሪው?" አለቻት እትዬ አበበች። "ይልቅ ሂጂና ያንን ባለ አንድ እግር ጠብቂ። ከተነሳ በአንቺ ነው!"

እንዲህ ነው ጠባቂዬ የሆነችው። በማግሥቱ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ በነጠላዋ ሸሽጋ መጣች። አባቷ ስኳር የሚቋጥሩበት አሮጌ ወረቀት በክምር ሲገዙ ከመሀሉ አግኝታው ከመቀደድ ያተረፈችው ነው። ርዕሱም ደራሲውም አይታወቅም። "ተጋድመህ እስከቆየህ ድረስ አነባለሁ" አለችኝ፤ "ቀና ካልክ እዘጋለሁ።" በአማርኛ ታነብና ለሴቶቹ በሀዲይኛ ትደግመዋለች።

መጽሐፉ ስለ አንድ የጠፈር አብራሪ ነው። ከሩቅ ኮከብ የመጣ ጥሪ ተሰምቶ፣ የጠራው ማን እንደሆነ ሊያይ በመንኮራኩር ይሄዳል። የአብራሪው ስም የፈረንጅ ስም ስለሆነ የሴቶቹ ምላስ አልቻለውም፤ እናቴ የኛን አገር ስም አውጥታለት "ኤርጫፎ በሉት" አለች፤ ከዚያ በኋላ ኤርጫፎ ሆኖ ቀረ። መንኮራኩር ምን እንደምትመስል ማንም አያውቅም፤ የሱቋ ልጅ ራሷ አይታ አታውቅም። ኤርጫፎ ግን እየበላም እየተኛም የሚሄድባት ነገር ናት፤ ሰው የሚበላበትና የሚተኛበት ደግሞ ቤት ነው። ቤት ከሆነች እንደኛው ክብ ናት፤ መሀሏ ላይ ጣሪያውን የሚሸከም ወፍራም ምሰሶ አላት፤ ግማሿ ለሰው፣ ግማሿ ለከብት ነው። በዚህ ሁላችንም ተስማማን።

"ላሞቹ በየት በኩል ነው የታሰሩት?" አለች እትዬ አበበች።

"እትዬ፣ ላም የሚል አልተጻፈም።"

"ያለ ላም ነው ያን ያህል አገር የሚሄደው? ምን ሊጠጣ?"

የሱቋ ልጅ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ፣ "ከቱቦ ውስጥ እየጨመቀ የሚበላው ነጭ ነገር አለው" አለች።

"ታዲያ ቡላ ነዋ!" አለች እናቴ ከሳንቃዋ ቀና ብላ፤ ለኤርጫፎ ስንቅ የተገኘለት ያህል ሁሉም ደስ አላቸው።

እኔ ግን ያልገባኝ ሌላ ነበር። ኤርጫፎ ሲነሳም ሲያርፍም በቀበቶ ከመኝታው ጋር ይታሰራል። አንድ ጊዜ እሳት የመሰለ ነገር በመስኮቱ ሲያልፍ ቀበቶውን ፈትቶ ሊያየው ይፈልጋል፤ ግን አይፈታም። "ለምን አላየውም?" ብዬ ጮህኩ። የሱቋ ልጅ በቃጫ የታሰረውን እግሬን አየችና፣ "ፈትቶ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር" አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲያ ቃጫው እግሬን ሲበላኝ እኔም መኝታዬ ላይ ታስሬ የምበር ይመስለኝ ጀመር። የጨርቅ ኳሱ ከአጥሩ ወዲያ ነጥሮ ሲያልፍ ከመስኮት ውጭ የሚያልፍ ኮከብ ነው እላለሁ።

እሷም አስቀድማ አንብባ አትጨርሰውም ነበር። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ባነበው ለናንተ ስነግር ይቀዘቅዝብኛል ትላለች፤ እዚያው ከኛ ጋር እየደነገጠች ነው የምታነበው። በዚህ ዓይነት ኤርጫፎ ቅጠላቸው ሰማይ በሚሸፍን ዛፎች የተሞላ አገር አረፈ፤ ያንንም እንሰት ነው አልን። በዛፎቹ መሀል በሩ የተዘጋ ትልቅ ቤት አገኘ። ጆሮውን በሩ ላይ ቢለጥፍ ከውስጥ አንድ ነገር የሚፋቅ ድምፅ ይሰማል። አንኳኳ። ድምፁ ቆመ። በሩ ቀስ ብሎ...

እዚህ ላይ ሰማዩ ተደረመሰ። በበጋ ያልታሰበ ዝናብ ነው። ሴቶቹ የተፋቀው እንዳይታጠብባቸው እየተጯጯሁ ቆጮው ወደሚቀበርበት ጉድጓድ ሮጡ። እሷም መጽሐፉ እንዳይበሰብስ እናቶቻችን ቅቤውንም ዳቦውንም እንደሚያደርጉት አደረገች፤ ወፍራም ኮባ ቀድዳ ጠቀለለችው፣ በቃጫ አሰረችው፣ ከዳሱ አፍ ከሳንቃው ላይ አስቀምጣ እነሱን ልትረዳ ሄደች። ኮባ ከዝናብ ያድናል፤ ከላም ግን አያድንም።

ቡሬ የምትባለው ላማችን ዝናቡ አስደንብሯት ገመዷን በጥሳ መጣች። ከሳንቃው ፊት ቆመች፤ አሸተተች። እጄን ብዘረጋ አይደርስም፤ ብነሳ ይደርሳል። በክርኔ ተደግፌ ልነሳ ቀና አልኩ፤ ደህናውን እግሬን አጠፍኩ። በሩ ቀስ ብሎ ምን እንደሆነ፣ ማን ወጥቶ እንዳየው፣ ሁሉም በቡሬ አፍ ውስጥ ሊገባ ነው። አንዴ ገፋ ብል ይበቃ ነበር። ኤርጫፎ ከመስኮቱ ውጭ ያንን እሳት እያየ ያልፈታው ቀበቶ ትዝ አለኝ። ተመልሼ ተጋደምኩና ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ ጮህኩ።

የሱቋ ልጅ ጭቃውን እየረጨች ሮጣ መጣች። ከቡሬ አፍ ቃጫው ተንጠልጥሎ ይታያል፤ እሷ ግን ላሟን አላየቻትም። ዓይኗ እግሬ ላይ ነበር።

"ተነስተሃል?"

"አልተነሳሁም።"

እንደገና፣ "እውነትህን ነው?" ብላ ቃጫውን በጣቶቿ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰች። ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ እየሳቀች አለቀሰች።

ከመጽሐፉ የተረፈው እስከ በሩ ድረስ ብቻ ነበር። ሴቶቹ ሲመለሱ እንደ ለቅሶ ቤት ከበቡት። "ቀጥሎ ምን ነበር?" ቢሏት አላነበብኩትም አለች። "እንግዲህ ከራስሽ ጨምሪበት" ብትላት እትዬ አበበች፣ "ያልሆነ ነገር ብነግራችሁ የኤርጫፎ መሆኑ ይቀራል" ብላ እንቢ አለች። እትዬ አበበች ውስጥ ያሉት ቀንድ ያላቸው ናቸው አለች። ሌላዋ መላእክት ናቸው ስትል፣ መላእክት ምን ይፍቃሉ ተብላ ተሳቀባት። እናቴ ግን፣ "እኔ የገባኝ፣ ሴቶቹ እንሰት እየፋቁ ነው" አለች፤ "ወንድ አንኳኳባቸውና ደነገጡ። ጥፋቱ የኤርጫፎ ነው፤ ከሩቅ ቆሞ አይጣራም ነበር?" በዚያ እርጥብ ማሳ ውስጥ የተሳቀው ሳቅ እስከ አስፋልት አልባው መንገዳችን ሳይሰማ አልቀረም።

ወጌሻው ቃጫውን የፈቱ ዕለት እግሬ ቀጥ ብሎ ወጣ። ተራመድኩ። የሱቋ ልጅ ከማዶ ሱቋ ደጃፍ ቆማ ታየኝ ነበር፤ አልተጠጋችም፤ እጇን ብቻ ወደ ሰማይ አነሳች፣ መንኮራኩሯ ስትነሳ ታሳየን እንደነበረው ሁሉ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ቦኖሻ ለነጋዴ ተዳረች። ጎልማሳ ሆኜ አንድ ጊዜ አዲሎ መናኸሪያ ላይ ድንች ጭኜ ስሄድ አንዲት ልጅ የታቀፈች ሴት ከአውቶብስ መስኮት ብቅ ብላ፣ "እግርህ ቀጥ ብሏል!" ብላ ጮኸች። እሷ ነበረች። ቀጥላም፣ "በሩስ? ማን ነበር?" አለችኝ።

"አላወቅኩም! አንቺስ?"

"እኔም!" አለች፤ አውቶብሱም ሄደ። ደግሜ አላየኋትም።

ዛሬ እንሰቱ ከነበረበት ቦታ የሰው የቆርቆሮ ቤቶች ቆመዋል። እንሰት በሞተር የሚፋቅበት አለ ይላሉ፤ ሞተሩን የሚይዘውም ወንድ ነው፤ ከሩቅ ቆሞ የሚጣራ የለም። እናቴ የለችም፤ እትዬ አበበችም። ክቡ ቤታችን ፈርሶ በቦታው አሁን የምኖርበት ቤት ቆሟል፤ ምሰሶው የሰው አጥር ሆኗል። ኤርጫፎን የሚያውቀው ሰው፣ እኔ እስከማውቀው፣ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት። ሱቁ ስልክ ይሸጥበታል፤ የልጅ ልጄም ስልኩን የገዛው ከዚያው ነው።

ይህን ሁሉ ስነግረው ልጁ ፊልሙን አቁሞ ሰማኝ። "ርዕሱን ብታውቀው ፈልጌ አገኝልህ ነበር" አለኝ። ርዕስ የለውም አልኩት፤ ሽፋኑን ማንም አላየውም። እሱም፣ "ግን አባባ፣ እኔ ብሆን መጽሐፉ ሲበላ እነሳ ነበር። ማን ነው እንዲያ ተኝተህ እንድትቆይ ያደረገህ? ኤርጫፎ ነው?" አለኝ።

ኮባውን ከቅቤው ላይ አጥፌ አነሳሁት። ቀጥ ባለው እግሬ እስከ በሩ ሄጄ ወደ ማዶ አየሁ፣ ወደዚያ ሱቅ።

"ነፊሳ ናት" አልኩት።