የሺዋስ ብቻውን የተመረቀበት ቀን

ከይጁቤ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምረው የሺዋስ ዲግሪውን ያገኘው በስልኩ ነው። ልትስቁበት ትችላላችሁ። እኔ ግን የሚስቅበት ሰው መጀመሪያ አንድ ክረምት ሙሉ በእሱ ቤት ብቻውን ተቀምጦ የቆርቆሮውን ዝናብ እንዲሰማ እፈልጋለሁ።

ዕድሜው አርባን አልፏል። አብረውት በዲፕሎማ የተቀጠሩት ሁሉ ክረምት ክረምት ደብረ ማርቆስ እየሄዱ ተምረው ዲግሪያቸውን ይዘዋል። እሱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚሄደው ወደ አባቱ ማሳ ነበር። አባቱ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ እርፍ የሚጨብጥላቸው ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ቀን ያርሳል፤ ሲመሽ እግራቸውን አጥቦ ያጎርሳቸዋል። ትምህርቱን “ለሚቀጥለው ዓመት” አለው፤ ትዳሩንም እንዲሁ። አባቱ ሲያርፉ ቤቱ ውስጥ ስሙን የሚጠራ ሰው ጠፋ። አንዳንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ረስቶት “እንደምን ዋላችሁ” ብሎ ይገባና ብቻውን ያፍራል።

ማስታወቂያውን ያየው በዚያ ሰሞን ነው። ከባሕር ማዶ ያለ ዩኒቨርሲቲ፣ ከቤት ሳይወጡ፣ የሥራ ልምድ ተቆጥሮ፣ ዲግሪ። ቴሌግራም ላይ ጻፈላቸው። ሃኒ የምትባል “የተማሪዎች አማካሪ” መለሰችለትና የሕይወት ታሪኩን እንዲጽፍላት ጠየቀችው። ጻፈ። ስለ አባቱ ሳይቀር ለማንም ያልተናገረውን ሁሉ ዘርግፎ ጻፈ። እሷም፣ “አንተ እኮ ትምህርቱን በሕይወትህ ጨርሰኸዋል፤ የቀረህ ወረቀቱ ብቻ ነው” አለችው።

ይህን ሲያነብ የሺዋስ አለቀሰ። ባክነው የቀሩ የመሰሉት ክረምቶች ለካ የሆነ ቦታ ሲቆጠሩለት ኖረዋል!

እንግዲህ ይህ ሰው አሠራሩን ላላሳየ ተማሪ፣ መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ግማሽ ማርክ የማይሰጥ መምህር ነው። ልጆቹ በዚህ ያሙታል። ለራሱ ሲሆን ግን ምንም አሠራር የሌለውን መልስ እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። መጀመሪያ ላይስ ጠይቆ ነበር፤ ትምህርቱ መቼ ይጀመራል፣ ፈተናው እንዴት ነው፣ የሚያስተምረኝ ማን ነው ብሎ። ሃኒ “አትጨነቅ” አለችው፤ አልተጨነቀም። ክፍያው ሲጠየቅ ከአባቱ ጥንድ በሬዎች አንዱን ሸጠ። ሁለተኛው ክፍያ ሲመጣ የቀረውንም ሸጠ።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አቶ ይታያል ወሬውን ሲሰማ ወደ ጎን ወሰደው።

“አያ የሺዋስ፣ እንዳትቀየመኝ” አለው። “ወረቀቱ እኮ አዲስ አበባ ተልኮ ይጣራል። እዚህ አገር ዕውቅና የሌለው ትምህርት ቤት ከሆነ ዋጋ የለውም፤ ይባስ ብሎ ያለህን ሥራ ያሳጣሃል፤ በሕግም ያስጠይቅሃል። ሳታስገባው ዕውቅናቸውን አጣራ።”

የሺዋስ ያጣራው ከራሷ ከሃኒ ነው። እሷ ማኅተም የበዛበት ሌላ ወረቀት ፎቶ ላከችለትና “ለምን ትጠራጠረኛለህ? እኔ እንደ እህትህ አይደለሁም?” አለችው። እሱ ይቅርታ ጠየቃት። ምን ያድርግ? በየቀኑ “እንዴት ዋልክ፣ ምሳ በላህ?” የምትለው እሷ ብቻ ነበረች። እሷን መጠርጠር ወደዚያ ጸጥ ወዳለ ቤት መመለስ ነው። ያን ደግሞ ከምንም በላይ ይፈራል።

ዲግሪው በስልክ መጣ። ደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤት አሳትሞ፣ በመስታወት አስገጥሞ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ሰኞ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሊያስገባው ቆረጠ፤ ደረጃውም ያድጋል፣ ምክትል ርእሰ መምህር መሆንም አለ። ከዚያ በፊት ግን የሚካኤል ማኅበር ተራው ደርሶ ነበር። ጎረቤቱ ዘሪቱ ጠላውን ጠምቃ፣ ዳቦውን ደፍታ፣ “ማኅበሩንም ምርቃቱንም በአንድ ድግስ እንወጣዋለን” አለችው። የሺዋስ ደስ አለው። ቤቱ በሰው ሲሞላ ስንት ዘመኑ!

ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ጸሎት ከደረሰ በኋላ መሪጌታ ገብረ ማርያም ሊመርቁት ተነሡ። ብዙ ደቀ መዝሙር ያወጡ የቅኔ መምህር ናቸው። በቅኔ ቤት ሥርዓት ያደጉ ናቸውና የተማረን ሰው ብቻውን መመረቅ አይሆንላቸውም። አስተማሪው ይጠራል፤ አብረውት የተማሩት ይጠራሉ፤ ምርቃቱ ለሁሉም ይደርሳል።

“እኔ የየኔታ ፈንታዬ ተማሪ ነኝ” አሉ ፊታቸው እየበራ። “ባልንጀሮቼ ግማሹ ዐፈር ሆነዋል፤ ዛሬም ስማቸውን ሳልጠራ አላድርም። በል ልጄ፣ አንተም መምህርህን ጥራልን። ባልንጀሮችህንም ጥራልን። አብረን እንመርቃቸው።”

ሽማግሌው ምንም አልጠረጠሩም። አክብረውት ነው የጠየቁት። የሺዋስ አፉን ከፈተ፤ የሚጠራው ስም ግን አልመጣለትም።

“አንድ ጊዜ፣ የኔታ” ብሎ ስልኩን ይዞ ወደ አጥሩ ወጣ። ጻፈላት፤ “እባክሽ የአንድ መምህር ስም ብቻ ንገሪኝ። አብሮኝ የተማረ ሰው ካለም እሱን።”

መልሱ ቶሎ መጣ። “እንዴት ዋልክ አበባው ወንድሜ፣ ምሳ በላህ? አንተ እኮ ትምህርቱን በሕይወትህ ጨርሰኸዋል።”

ወዲያው ያ ጽሑፍ ከስልኩ ላይ ጠፋ። በቦታው “እንዴት ዋልክ የሺዋስ ወንድሜ” የሚል መጣ።

የሺዋስ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። በሬዎቹ ትዝ አላሉትም፤ ያቃጠለው ሌላ ነገር ነው። ስለ አባቱ የጻፈላትን ሁሉ አስታወሰ። ያስለቀሰችው ዐረፍተ ነገር ለሰው ሁሉ የምትታደል ናት፤ አሁን የሆነ ቦታ አበባው የሚባል ሰው በእሷ እያለቀሰ ይሆናል። ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ እሱን እየጠበቀ ነው። የሆነ ስም ፈጥሮ ቢናገር ማንም አያውቅበትም፤ ምርቃቱን ይቀበላል፤ ሰኞም ወረዳ ይሄዳል።

ተመልሶ ገባና ከመሪጌታ ፊት ቆመ።

“የኔታ፣ መምህር የለኝም” አለ። “ባልንጀራ አንድ አለኝ፤ አበባው ይባላል። አይቼው አላውቅም። እሱም እንደኔ ሳይታለል አልቀረም።”

ዘሪቱ የያዘችውን ጣሳ መሬት አስቀመጠች።

“ብቻህን ነው እንዴ የተማርኸው?” አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው።

“አልተማርሁም፣ የኔታ።”

ሽማግሌው አልገሠጹትም። “እንግዲያው ለአበባውም እግዚአብሔር ይድረስለት” አሉና ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ሰዉ በላ፣ ጠጣ፤ ግን ዓይኑን እየሰበረ ነበር፤ ከወትሮውም ቀደም ብሎ ተበታተነ። ዘሪቱም ዕቃውን አጣጥባ ሄደች። እሱ እንድትቆይ ሊለምናት ቃጥቶት ነበር፤ አፈረና ተወው።

ሰኞ ወረዳ አልሄደም። ሃኒን ከስልኩ ዘጋት። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከባድ ነበሩ፤ ሌባ መሆኗን እያወቀ ናፈቀችው። እራት ሊበላ ሲቀመጥ ዓይኑ ወደ ስልኩ ይሄዳል። የሚያረሳሳው አልነበረም፤ ዘሪቱም ለትንሽ ጊዜ ስታገኘው ምን እንደምትለው ስለጠፋት በሌላ መንገድ ትዞር ነበር። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የተዋረደ ሰው አጠገብ መቆም ስለሚጨንቀው ነው።

ሰኔ ላይ የሺዋስ፣ ርእሰ መምህሩ አጣርቶ የነገረውን ኮሌጅ አድራሻ ይዞ ደብረ ማርቆስ ወረደ። ለክረምት ትምህርት የሚመዘገቡት አብዛኞቹ በዕድሜ ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ መምህራን ናቸው። ሰልፉ ላይ ቆሞ ሊመለስ ሁለት ጊዜ አሰበ፤ ግን ተራው ደረሰ።

መዝጋቢዋ ወጣት ሴት ናት። ወረቀቶቹን ተቀብላ ካየች በኋላ ሽበት የጀመረውን ፀጉሩን ተመለከተችና አዘነችለት መሰል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“ጋሼ፣ ከወዲሁ ልንገርዎ፤ ዘንድሮ ክፍሉ በጣም የተጨናነቀ ነው። ወንበር ስለሌለን በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆናችሁ ነው የምትቀመጡት። ይከብድዎት ይሆናል።”

“መሃል ላይ መቀመጥ ይቻላል?” አለ የሺዋስ።