ወይራ የሸተተው በሶ

ደብረ ታቦር መናኸሪያ በር ላይ በሶ የማይሸጥ ሰው ቢኖር ተሳፋሪው ብቻ ነው። በዐቢይ ጾም ደግሞ ይብሳል። ጣራ ገዳም ለመሳለም የሚሄደው ሁሉ እሳት የማይፈልግ ስንቅ ስለሚሻ፣ ከሊስትሮው አንስቶ እስከ ካርድ ሻጩ ድረስ በሶ በላስቲክ ተቋጥሮ ይጠብቀዋል። የሁላችንም ገብስ ከጉና፣ የሁላችንም ወፍጮ አንድ። ታዲያ ገዢው እኔን በምን ይለየኝ? መደቤን ጠቅልዬ ልሄድ ምንም አልቀረኝም ነበር።

የሚለየኝ አንድ ነገር ግን አውቅ ነበር፤ የእናቴ በሶ። ልጅ ሆኜ፣ ጉና ሥር፣ ከቅል እየዘገነች በውሃና በጨው ለውሳ የምታጎርሰኝ በሶ ወይራ ወይራ ይሸት ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያን ሽታ የትም አላገኘሁትም። ናፍቆቱ ገበያ መሀል ሳይቀር ድንገት ይመጣብኛል።

ስለዚህ አዳዲስ ቅል ገዛሁ፤ በወይራ አጥኜ በሶዬን ሞላሁባቸው። ስቀምሰው ጭሱ አለ፤ የሆነ ነገር ግን ይጎድለዋል። ገብሱን ደጋግሜ ብቆላም አልመጣ አለኝ። ቢሆንም ከዚያ ሁሉ ላስቲክ መሀል ቅሎቼ ያምሩ ነበርና ዘንድሮስ ገበያው የኔ ነው ብዬ ተኮፈስኩ።

ጾሙ ገባ። ተሳላሚው መጣ፣ ቅሉን ከፍቶ አሸተተ፣ ከድኖ ሄደ። ቀጣዩም እንደዚያው። በወይራ የሚታጠነው የወተት ዕቃ መሆኑን እኔ የገበሬ ልጅ እንዴት እንደረሳሁት እንጃ። ቅሉ ወተት አይቶ አያውቅም ብዬ ብምል ማን ይስማኝ? ያስገድፋል ተባለ፣ አለቀ።

ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት አሮጊት ብቻ ቆም አሉ። እልህ ይዞኝ፣ እናቴ ጾሙን ሙሉ እንዲህ ያለ በሶ ታጎርሰኝ እንደነበር፣ እሷም ከማንም የማታንስ ጾመኛ እንደነበረች ነገርኳቸው። ፈገግ አሉ።

«እሷ መች ከዚህ ቀመሰች፣ የኔ ልጅ። ሕፃን አይጾምም፤ ያንቺን ለብቻው በወተት ቅል ነው የምታኖረው። እኛም ለልጆቻችን እንዲያ ነበር የምናደርግ። ላሚቱ ብትነጥፍ እንኳ ሽታው አይቅርባት ብላ ነው።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሲጎድለኝ የከረመው ለካ ወተቱ ነበር።

ወተት ከምትሸጥ ጎረቤቴ ያገለገሉ ቅሎች ለምኜ አጥቤ አጠንኩና በሶውን ሞላሁ። በላስቲክ ከቋጠርኩት ከጾመኛው በሶ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት፤ «የልጆች በሶ» ብዬም ጻፍኩበት። አሁን ልጅ ያላት እናት የኔን መደብ ጠይቃ ትመጣለች።

ክዳኑን ስከፍት ሽታው ያው የጥንቱ ነው፤ ምንም አልጎደለውም። እኔ ግን ጾመኛ ነኝ። ለገዢ በዘገንኩ ቁጥር ጣቴ ላይ የቀረውን ዱቄት በመቀነቴ እጠርጋለሁ። ፋሲካ ሲደርስ እቀምሰዋለሁ፤ የምታጎርሰኝ ግን የለችም።