የበረሃው ሜዳ ዘበኛ

ከአልዩ አምባ በታች ያለውን በረሃ ጣሊያን ጠርጎ የአውሮፕላን ማረፊያ አድርጎት ሄደ። በ1951 ዓ.ም. ሜዳውን የምትጠብቀው አልታየች ነበረች። አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን የእሾህ መዝጊያውን ዘግታ ከብት እንዳይገባ ታግዳለች። የውሃው ጉድጓድ ከሜዳው ማዶ ስለሆነ እረኞች ሁልጊዜ ይነዘንዟታል።

በጠላት ዘመን ከዚሁ ሜዳ የተነሣ አውሮፕላን እናቷንና ሁለት ወንድሞቿን ከተሸሸጉበት ገደል ሥር ፈጅቷቸዋል። ነጭ አቡጀዲ ሣር ላይ አንጥፎ ያሉበትን ለአብራሪው ያሳየው ዘርአ ዳዊት የሚባል የአገራቸው ሰው ነው። ጣሊያን ሲወጣ አርበኛ ነበርኩ አለ፤ ምስክርም አላጣ፤ ባላምባራስ ተባለ። ከአልታየች ቤት ደም የሚመልስ ወንድ አልተረፈም። ዝም አለች፤ ዝምታዋ ለሰው ይቅርታ መሰለው።

በግንቦት አንድ ረፋድ ላይ ባላምባራሱን በቃሬዛ አመጡት። ሆዱ ተነፍቷል። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው አውሮፕላን ተጠርቶለታል።

«እናቴ፣ ውሃ አለሽ?» አላት፤ አላወቃትም።

አጠጣችው።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የወለተ ሥላሴ። ገደል ሥር የቀረችው።»

«ነፍሷን ይማር። ጊዜው ክፉ ነበር፤ ስንቱ አለቀ!» አለና ጣሳውን መለሰላት።

ወዲያው የአውሮፕላኑ ድምፅ ተሰማ። እረኛው ዓወል መዝጊያው ጋ መቶ የሚሆን ከብት አቁሟል።

«እቴ አልታየች፣ ዛሬም በጥም ልትጨርሺን ነው? ወላሂ እነዚህ ላሞች አንቺን ሲያዩ ነው የሚነጥፉት!»

«አስገባቸው።»

«አውሮፕላኑስ?»

«ሁሉንም አስገባ አልኩህ!»

መዝጊያውን ጎትታ ጣለችው። ከብቱ ውሃ ሸቶት ሜዳውን ሞላው። ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ «ሴትዮዋ አብዳለች!» እያሉ ዱላ ይዘው ሮጡ፤ ወዲያ ሲነዱት ወዲህ ይመለሳል። አውሮፕላኑ ሦስት ጊዜ ዞረ፤ ከዚያ አፍንጫውን ወደ ምዕራብ አቀና።

ባላምባራሱ በክርኑ ተደግፎ ሰማዩን ያያል። አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«አቡጀዲው ያንተ ነበር፤ ከብቱ የእኔ ነው» አለችው።

ያን ጊዜ አወቃት።

ተሸክመውት ሲመለሱ ዳገቱን ሳይጨርሱ ሞተ። አልታየችን ከሥራ አባረሯት፤ የምትገባበትም አልነበራት። ለቅሶው ላይ ግን ተገኘች። ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ፣ ዓይኗ እንደደረቀ፣ የቀረበላትን ንፍሮ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በላች።