የዘጠኝ ቁጥር ቁልፍ

በሕይወቴ የመታሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። ጫማ ሰፊ ነበር። የመታሁትም በሆቴል ቁልፍ ነው። ቁልፉ ራሱ ትንሽ ነው፤ እንግዳ ኪሱ ከቶት እንዳይሄድ ተብሎ የተንጠለጠለበት የነሐስ ኳስ ግን ሎሚ ያህል ነበር፤ 9 ተቀርጾበታል።

ሆቴሉ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ያለ፣ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ፎቅ ቤት ነው። እኛ የምንኖረው መካኒሳ ነው፤ በእግር ግማሽ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። እዚያ ሁለት ሌሊት ልናድር መሆኑን ስትሰማ ጎረቤታችን በሳቅ ልትሞት ደረሰች።

«ከመካኒሳ ብስራተ ገብርኤል እንግድነት! ስንቅ ልቋጥርላችሁ?»

አባቴ አልሳቀም። ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ሲለስን የኖረ ሰው ነው። በጃንሆይ ጊዜ ሆቴሉ ሲታደስ የዘጠኝ ቁጥር ክፍልን ኮርኒስ በጄሶ አበባ ያስጌጠው እሱ ነበር። ደርግ ከወደቀ አራት ዓመት ያህል ሲሆነው ሆቴሉ ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። «አንድ ቀን ሥሩ ተኝቼ ባየው» አለ። ከዚያ በፊት ምንም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ሬዲዮ መጠገን ከአሮጌ መጻሕፍትና ከተበላሹ ሬዲዮዎች ለብቻዬ ተምሬ በዚያ እተዳደር ነበር። ክፍሉን ያዝኩለት።

ዓርብ ከሰዓት ገባን። አባቴ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋለለና ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

«አሥራ ሁለት ቅጠል አላት። ሰባተኛዋን እያት።»

«ትንሽ ተጣማለች።»

«ደም ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነው የሠራኋት።»

ከቀኝ ጆሮው በላይ ያለውን ጠባሳ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከየት እንደመጣ ግን ያን ዕለት ገና ሰማሁ። ወለሉ እንጨት ነው፤ ሰም ተቀብቷል። የእድሳቱ ጣሊያናዊ አለቃ ሠራተኛ በጫማ እንዳይረግጠው ከልክሎ ነበር። አባቴ አንድ ጠዋት ረስቶ ረገጠው። አለቃው የልስን ማስተካከያውን ጣውላ አንስቶ በጠርዙ መታው፤ ከወደቀበት አስነስቶም ወደ መሰላሉ መለሰው፤ ጄሶው ሊደርቅ ነውና።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው እግሩን ያየሁት። ባዶ ነበር። ከእንግዳ መቀበያው ጀምሮ ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር የወጣው።

«አባዬ፣ ዛሬ እኮ እንግዳ ነህ። አድርገው።»

«እግሬ እምቢ አለኝ» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩን ልንጎበኝ ወጣን። ገብርኤልን ተሳለምን፤ ከዚያ አባቴ እጁን እንደ አስጎብኚ እየዘረጋ ይመራኝ ጀመር። ሌላው እንግዳ ሐውልት ያያል፤ እኛ ግድግዳ አየን። «ይህ የኔ ነው። ይህም የኔ ነው። ይህ የኔ አይደለም፤ ስንጥቁን አታይም?» እያለ አራት ቤት አሳየኝ። አምስተኛው ላይ ሳንደርስ የግራ ጫማው አፉን ከፈተ።

ከሆቴሉ አጥር ሥር አንድ ወጣት ጫማ ሰፊ ተቀምጦ ነበር። ጫማውን አገላብጦ አየው።

«አባባ፣ ይሄ በዕድሜ ይበልጠኛል። አንቱ ልበለው?»

«ስፋልኝና አንተም በለው፤ አይቀየምም።»

«ጥቁር ክር አልቆብኛል። ያለኝ ቀይ ነው።»

«ቀይም ይሁን። የኔን እግር ማን ሊያየው!»

ሰፋለት። አሥራ አራት ጥልፍ፣ እኩል እኩል። ሥራው ስለማረከኝ ቆጠርኩት።

ሆቴሉ ውስጥ ምሳ በልተን ወደ ላፍቶ በኩል ልንሄድ ስንል ታክሲ ላቁም ብዬ ቀድሜ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ቁልፉን ለእንግዳ መቀበያው መስጠት ረሳሁ፤ ኪሴ ውስጥ ነበር። ትናንት ያስገባን ዘበኛ ተረኛነቱን ጨርሶ በሩ ላይ ሌላ ተተክቷል። ይህኛው ያየው ያረጀ ኮት የለበሰ፣ ባዶ እግሩን ከሆቴል የሚወጣ፣ ጫማ በእጁ የያዘ ሽማግሌ ነው።

«ቁም! ጫማው የማነው?»

«የኔ ነው፣ ልጄ።»

«ያንተ ከሆነ ለምን አላደረግከውም?»

አባቴ ወለሉን ዞሮ አየ። ይህን ለማስረዳት ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ነበረበት። ዘበኛው በቆመጡ ጉልበቱን መታውና «ሌባ!» ብሎ ጮኸ።

ይህ ቃል መንገድ ላይ ሲጣል ምን እንደሚያደርግ የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። ማን ምን እንደተሰረቀ የጠየቀ የለም። ሱሪው የተተኮሰ ሰውዬ ብብቱ ሥር ያለውን ጋዜጣ ሳይጥል የአባቴን ጎን ሁለት ጊዜ በጫማው ጫፍ መታ። አንዲት ሴትዮ በጃንጥላ እጀታ ጀርባውን አገኘችው። የአንድ የቆመ ታክሲ ረዳት «ቆይ እኔም ላድርስበት!» ብሎ ወረደ፤ አንድ እርግጫ አሳርፎ ተመለሰና «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሁለት ሰው!» ማለቱን ቀጠለ። አባቴ መሬት ላይ ተጠቅልሏል። ጫማውን ግን ደረቱ ላይ አጥብቆ እንደያዘ ነው፤ እነሱም ለዚህ ነው የባሰ የሚመቱት።

«አባቴ ነው» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም፤ ያን ቀንም አልወጣም። እየገፋሁ ስገባ አንድ ሰው አባቴ ላይ ሙሉ በሙሉ ተጭኖ አየሁ። አንገቱን ሊያንቀው መሰለኝ። ኪሴ ገባሁ፤ ቁልፉን ያዝኩና ነሐሱን ከላይ አወረድኩት። ሰውየው ቀና ሲል ነበር፤ ግራ ቅንድቡን ሰንጥቆ ዓይኑ ላይ አረፈ። ሁለተኛም መታሁት። ለሦስተኛው እጄን ሳነሳ ፊቱን ለየሁት።

«የኔ ስፌት ነው!» ይል ነበር። «ቀዩን ክር እዩት! ዛሬ ጠዋት የሰፋሁት እኔ ነኝ!»

ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይህንኑ ነበር የሚጮኸው። አባቴ ላይ የተኛው ዱላውን በጀርባው ሊቀበልለት ነበር።

ሰው ደም ሲያይ አንድ በአንድ ሄደ። ዘበኛው የቁልፉን ቁጥር አነበበና «ይቅርታ አባባ፣ ሥራ ሆኖብኝ ነው» አለ። ሁለቱንም በአንድ ታክሲ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። መንገድ ላይ፣ ታክሲው ውስጥ አባቴ ጫማውን አደረገ። የጫማ ሰፊው ደም በጣቶቹ መሐል ወደ ወለሉ ይንጠባጠብ ነበር።

አባቴ ሁለት የጎድን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሦስት ሳምንት ተኛ። የጫማ ሰፊው ዓይን እንደማይመለስ ሐኪሙ ከነገረኝ በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከሩቅ አይቼው ተመለስኩ። ለአባቴ ነገርኩት።

«እኔን የመቱኝን አላውቃቸውም» አለ። «አንተ የመታኸውን ግን ታውቀዋለህ። አፍህ እምቢ ካለህ ድንጋይ ተሸከም። ድንጋይ ንግግር አያስፈልገውም።»

ከደጃችን አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንገቴ ላይ አደረግኩና ከመካኒሳ እስከ ሆቴሉ በእግሬ ሄድኩ። ልጆች ተከተሉኝ። እሱ እዚያው አጥር ሥር ነበር፤ ግራ ዓይኑ ነጭ ሆኗል። እግሩ ሥር ወደቅኩ።

«ምንድነው ይሄ?» አለ። «እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ለእግዚአብሔር እንጂ ለኔ አይሰገድም። ተነስ።»

አልተነሳሁም።

«አባባ ተሻላቸው?»

«ትናንት... ቆመ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

የሚሰፋውን ጫማ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ያን ቀን አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ከዚያ በጣቱ ጎኑን አሳየኝ። «ድንጋዩን እዚህ አድርገው። ደንበኛ ይቀመጥበታል።»

አስቀመጥኩት፤ እንዳይነቃነቅ ሥሩን በጠጠር አደላደልኩት። ልሄድ ስል መርፌና ጥቁር ክር ዘረጋልኝ።

«በአንድ ዓይን ቀዳዳው ይሸሸኛል» አለ።

ከፀጉር የቀጠነ የሬዲዮ ሽቦ የምበይድ ሰው ነኝ፤ ክሩን ግን ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። አንዴ ሳትኩ፤ ሁለተኛም ሳትኩ። እሱ ጭኑ ላይ ያለውን ጫማ ይዞ በቀኝ ዓይኑ እጄን እያየ ጠበቀኝ።

«ቁጭ ብለህ ሞክር» አለ።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።