መቀስ የገባበት ባና

መቼ እንደነበረ በትክክል አላስታውሰውም። ደርግ ወድቆ፣ ሳልባጅ በየገበያው መዘርገፍ የጀመረበት ወቅት ነው። ዓመቱን ግን አትጠይቁኝ። ትምህርቴ ዳዊት ከመድገም አላለፈም፤ ቀን መዝግቦ መያዝ የሌላ ሰው ሥራ ይመስለኝ ነበር።

መንዝ፣ ዘመሮ ላይ፣ ከገበያው ዳር ካለ ሻይ ቤት በረንዳ፣ አንድ የስፌት መኪና ነበረችኝ። ሱሪ፣ ኮት፣ የሴት ቀሚስ እሰፋለሁ። ሳልባጅ ከመጣ ወዲህ ግን ሰው ያለቀለትን ኮት ከክምሩ እየመዘዘ ይሄዳል፤ እኔ ዘንድ የሚመጣው ያንኑ ለማሳጠር ነው። ኋላ ለማሳጠርም የሚመጣ ጠፋ፤ እጅጌውን አጥፈው ይለብሱታል። ባለቤቴ፣ «መኪናዋን ሸጠን በግ እንጨምርበት» ማለት ጀመረች። እውነቷን ነው። እኔ ግን ከመስፋት ሌላ እጄ የለመደው ሥራ የለም።

ሐሳቡን ያመጣልኝ ብርዱ ነው። የመንዝ ብርድ ሳልባጁን ሰንጥቆ ይገባል፤ ባናን ግን አያልፈውም። ባና ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው። ቀን ይደርቡታል፣ ማታ ይተኙበታል። ታዲያ የደረበ ሰው አንድ እጁ ባናውን እንደያዘ ይውላል። እጅጌ ባወጣለት፣ ቁልፍ ብተክልለት፣ ገበር ባገባለት ብዬ አሰብሁ።

«በባና ካፖርት ልሠራ ነው» ስል ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በእኛ ዘንድ ባና ላይ መቀስ አይገባም። ሙሉውን ይለበሳል፣ ሲያረጅም ይደረታል እንጂ አይቆረጥም።

«አንተ፣ ነገ ደግሞ ለበጌ ሱሪ ስፋለት!» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

ባና ከሸማኔው እጅ ሲወርድ ሳሳ ያለ ነው። ሙቅ ውሃ እየፈሰሰበት በእግር ሲረገጥ ነው የሚጠብቀውና የሚወፍረው። ርግጫው የጎረቤት ሥራ ነው፤ ጠላ ይጠመቃል፣ ጎረምሳው ይጠራል፣ ይዘፈናል። የእኔን ባና የሚረግጥ ግን ጠፋ። «ለመቀስ አንረግጥም» አሉ። እኔም ሳይረገጥ ቆረጥሁት፤ ሰፋሁት።

የመጀመሪያውን ካፖርት የወሰደው ወደ ደብረ ብርሃን የሚመላለስ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሲለብሰው አማረበት። መንገድ ላይ ዝናብ መታውና ሞተሩ አጠገብ አደረቀው። በሳምንቱ ገበያ ሲመጣ እጅጌው ክርኑ ላይ ደርሷል፤ ቁልፉም አልገናኝ ብሏል።

«ጋሼ፣ ይሄን የሰፉት ለእኔ ነው ለልጄ?»

«ላንተ ነው።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ የወፈርኩት። ቤት ስገባ ሚስቴን ላመስግናት!»

ገበያው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ «እስኪጠብ ድረስ ግን ብርድ የሚባል አላወቅሁም። አንድ ሌላ ይሞክሩልኝ» አለኝ። ባለቤቴም ሰማች። «ይኸኛውም እንዲያ ከሆነ መኪናዋ ትሸጣለች» አለች። እሺ አልኋት።

ያለ ርግጫ እንደማይሆን ገባኝና አዲስ ባና አሠራሁ። ጎረምሶቹን ቤት ለቤት ዞሬ ለመንሁ፤ አንዱ እግሬን ያመኛል ይላል፣ ሌላው ነገ ይላል። በቀጠሮው ቀን ውሃው ሞቆ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ባናው ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ እኔ ብቻዬን ቆሜያለሁ። ጎረምሶቹ ከአጥር ወዲያ ሆነው ያዩኛል።

አማቴ መጡ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ጠጉር ሲፈትሉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የዚያንም ባና ፈትል የፈተሉት እሳቸው ነበሩ። አማችና አማት ብዙ አይጨዋወቱም፤ እኔም ፊታቸው ቀና ብዬ አላውቅም።

«ውሃው ሞቋል?» አሉኝ።

«ሞቋል እማማ፤ ረጋጭ ነው የጠፋው።»

«ረጋጭማ አለ» ብለው ቀሚሳቸውን በመቀነታቸው ሰበሰቡና ባናው ላይ ወጡ።

በእኛ ሰፈር ሴት፣ ያውም አሮጊት፣ ባና ስትረግጥ ታይቶ አይታወቅም። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው መርገጥ ብቻ ሳይሆን መዝፈን ጀመሩ፤ በዘፈኑ መሐልም አጥሩ ላይ ይጮኻሉ።

«የእናንተ እግር ለሠርግ ቤት ብቻ ነው? አንተ ረጅሙ፣ እናትህ የፈተለችውን ማን ሊረግጥላት ነው? እኔ ልምጣላት?»

ረጅሙ ልጅ ጫማውን አወለቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። «ይውረዱ እማማ፣ በእግዜር ይውረዱ!» እያሉ ክንዳቸውን ይዘው አወረዷቸው። ከዚያ በኋላማ ባናው መቀስ አልበላው እስኪል ድረስ ተረገጠ።

ሾፌሩ ያንን ካፖርት ክረምቱን ሙሉ ለበሰው፤ አልጠበበም። ቀጥሎ ረዳቱ አዘዘ፣ ቀጥሎ ከራቤል አንድ አስተማሪ፣ ቀጥሎ ቄሶች። ለቄሶቹ ረዘም፣ ኮሌታውን ከፍ አደረግሁት። ኋላ ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆች «እርስዎ እኮ ዲዛይነር ነዎት» አሉኝ። ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄያቸው ነገሩኝ። ይሁን።

መኪናዋ አልተሸጠችም። ለአማቴም አንድ ልስፋልዎት ብላቸው፣ «የእኔን እንዳትነካው! ሙሉውን ነው የምለብሰው» አሉኝ። እሺ ብዬ ተውሁት። ያን ጊዜ ማን አሳለፈህ ለሚለኝ ግን መልሴ አንድ ነው፤ የባለቤቴ እናት፣ አማቴ ናቸው።